ኮምፒውተር ደጋግሞ ሲቆም ጥፋተኛውን ክፍል ስለ መለየት፤ በአምቦ ለተሰበሰቡ አድማጮች የተነገረ ዲስኩር



ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ነገር በአርእስቱ ትንሽ መስሎ የሚታይ፣ በሚያስከትለው ጉዳት ግን ትንሽ ያልሆነ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ኮምፒውተር ሥራ ላይ ሳለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲጠፋ፣ ወይም ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ሲቆም፣ ወይም ሰው ሁሉ እንደሚለው «ሃንግ አድርጎ» አልንቀሳቀስ ሲል፣ ይህም አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በየጊዜው ሲደጋገም፣ ጥፋቱ ከየትኛው ክፍል እንደ መጣ በምን ሥርዓት ተመርምሮ ሊታወቅ እንደሚገባ ነው። ከሆለታ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ ላይ በተቀመጡት ከተሞቻችን ሁሉ፣ የተማሪው ውጤት፣ የበሽተኛው ታሪክ፣ የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ፣ የሰበካ ጉባኤው መዝገብና የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ዛሬ በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ስለሚያድር፣ የመሣሪያው ደኅንነት የባለሙያ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሁላችን ጉዳይ ሆኗል።

ልማዳችን ግን ከነገሩ ክብደት ጋር የሚመጣጠን አይደለም። መሣሪያው ደጋግሞ የቆመበት ሰው ወደ ጥገና ቤት ተሸክሞት ሲሄድ፣ ገና ክዳኑ ሳይከፈት፣ በየትኛው ሰዓትና በምን ሥራ ላይ እንደሚቆም ሳይጠየቅ፣ «ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ ይጫንበት» የሚል ፍርድ ይሰጥበታል፤ በዚያው ቀንም በውስጡ የነበረው ሰነድ፣ ፎቶግራፍና ሒሳብ ተጠርጎ ይጠፋል፤ መሣሪያውም ጥቂት ጊዜ ደኅና ከሠራ በኋላ እንደ ቀድሞው ይቆማል፤ ባለቤቱም ዳግመኛ ከፍሎ ዳግመኛ ያስጭናል። እኔ ይህን ልማድ የምቃወመው ፎርማት ማድረግ ምን ጊዜም ጥቅም የለውም ብዬ አይደለም፤ በፍላሽ የሚተላለፍ ቫይረስና የተበላሸ ፕሮግራም መኖሩን፣ ያም ኮምፒውተር ሊያቆም መቻሉን ሁላችንም እናውቃለን፤ የምቃወመው ፍርዱ ከምርመራው ስለሚቀድም ነው።

ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ለጊዜው የዳነ የሚመስልበት ምክንያት ቢመረመር፣ ብዙ ጊዜ ከፎርማቱ ጋር ዝምድና የሌለው ሆኖ ይገኛል። መሣሪያው ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ የሚያገኘው መብራት የሌላ መስመር መብራት ነው፤ ተነቅሎ ሲጓዝ ቀዝቅዟል፤ ጠጋኙ ሲከፍተው አቧራውን በመጠኑ ጠርጎለታል፤ አዲስ የተጫነውም ዊንዶውስ ገና ከባድ ሥራ ስላልተጫነበት፣ ራም የሚባለው የማስታወሻ ክፍል የተበላሸበትን ስፍራ ሳይነካ ሊሠራ ይችላል። ከዚህም የከፋ አለ፤ ራሙ የተበላሸ መሣሪያ ላይ ዊንዶውስ ሲጫን፣ ከመጫኛው የሚነበበው ሁሉ በዚያው በተበላሸው ራም አልፎ ወደ ዲስኩ ስለሚጻፍ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ግድፈት ያለበት ሆኖ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ የሚታየውን ስሕተት ሁሉ የፕሮግራም ስሕተት ነው ብሎ የሚናገር ሰው፣ በዐይኑ ያየውን ቢናገርም እውነቱን አላገኘውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ጥፋቱ የፕሮግራም ነው ወይስ የዕቃው ነው የሚለው ነው፤ ይህንንም ለመለየት ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ አንድ መንገድ አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት ወደሚመጣው ወደ ባዮስ ገጽ ገብቶ በዚያው ለረጅም ሰዓት ይቀመጥ፤ ወይም ከፍላሽ ብቻ በሚነሣ በሌላ ሥርዓት፣ ለምሳሌ በሊኑክስ፣ ይሥራ። በዚህ ጊዜ በዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ከነቫይረሱ ተኝቷል፤ መሣሪያው እንዲህም ሆኖ ከቆመ፣ ዊንዶውስ ከክሱ ነጻ ወጥቷልና ሐተታው ወደ ዕቃው ይዛወራል።

በእኛ ከተሞች ሁኔታ ምርመራው ከመጀመሪያው ተጠያቂ፣ ከመብራቱ፣ ቢጀምር መልካም ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው ኀይል 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ፣ አንዱ ምልልስ 20 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፤ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ግን ኀይል ሲቋረጥበት፣ በውስጡ ባጠራቀመው ብቻ ሙሉ ሸክሙን ይዞ እንዲቆይ በቆየው የሥራ ደንብ የታዘዘው ለ16 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው፤ ይህም ከአንድ ምልልስ ያነሰ ነው። እንግዲህ አምፖሉ በቅጽበተ ዐይን ብልጭ ብሎ ሲመለስ፣ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱም ሳያስተውለው መሣሪያው ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ባለቤቱ «መብራት አልጠፋም» ሲል አይዋሽም፤ እርሱ የጠየቀው ዐይኑን ነው፤ የፓወር ሰፕላዩ መለኪያ ግን ከሰው ዐይን እጅግ የጠበበ ነው።

በዚህ ላይ በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤት በአንድ ቀጭን መስመር የሚጠቀም መሆኑን እናስብ። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ይሆናል፤ ምጣዱ በተሰካ ጊዜ በመስመሩ ጫፍ ያለው ቮልት ወደ ታች ይወርዳል፤ በተነቀለም ጊዜ በድንገት ይነሣል። ኮምፒውተሩ የሚቆመው እንጀራ በሚጋገርበት ቀንና ሰዓት መሆኑን ያስተዋለ ባለቤት፣ ለጠጋኙ ከብዙ መሣሪያ የበለጠ ማስረጃ ሰጥቶታል። ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት መድኀኒቱ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ነው፤ ዩፒኤሱም ባትሪው ካረጀ መብራት በሄደ በዚያው ቅጽበት ስለሚከዳ፣ እርሱ ራሱ አልፎ አልፎ መፈተን አለበት። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ከግድግዳው መንቀልን የሚተካ ጥበቃ የለም።

መስመሩ ነጻ ሆኖ ከተገኘ የሚጠየቀው ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ነው። ቴስተር ያለው ሰው፣ መሣሪያው ከባድ ሥራ ላይ ሳለ ቢጫውን ሽቦ ሲለካ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩን ሲለካ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ማግኘት አለበት፤ ምክንያቱም የተፈቀደው መዛባት ወደ ላይም ወደ ታችም ከመቶ 5 ነው። ሥራ ፈትቶ ሳለ ተለክቶ 12 የሚያሳይ ዕቃ፣ ሥራ ሲበዛበት ወደ 11 ሊወርድ ስለሚችል፣ መለኪያው በሥራ ሰዓት እንዲሆን ዐደራ እላለሁ። ማዘርቦርዱም ላይ ዐይን ይጣል፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የተተከሉት፣ ካፓሲተር የሚባሉት ኀይል አጠራቃሚ ክፍሎች ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ የተበላሸ በመሆኑ፣ አናታቸው አብጦና ፈንድቶ መሣሪያውን ያቆሙ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ጥሩ ካፓሲተርም ቢሆን በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ያብጣል። አናቱ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው የተነፋ ካፓሲተር ያየ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ዊንዶውስ መከራከር የለበትም። የኮምፒውተሩን ሣጥን በባዶ እግር ቆመው ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ ደግሞ፣ ቤቱ የመሬት ሽቦ እንደሌለው ወይም የሶኬቱ የመሬት መስመር እንደ ተቈረጠ ምልክት ነውና፣ ይህ ለመሣሪያውም ለሰውም ደኅንነት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊታረም ይገባዋል።

ሁለተኛው ተጠያቂ ሙቀት ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ የምንተነፍሰው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። የኮምፒውተር ፋን በዚህም በዚያም እኩል ቢሽከረከር፣ በእኛ አገር የሚገፋው አየር ክብደቱ አነስተኛ በመሆኑ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል፤ ስለዚህ የትላልቅ ሰርቨሮች ሠሪዎች፣ ከፍታው ከ900 ሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ በየ300 ሜትሩ የተፈቀደው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዝዛሉ። ሆለታ 2,400 ሜትር ላይ ሆና አየሯ ቢሳሳም ብርዷ ይክሳታል፤ ባኮ ደግሞ በ1,650 ሜትር ላይ አየሯ ወፈር ያለ ቢሆንም ሙቀቷ ይበረታል፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ፈተና አለው እንጂ ከፈተናው ያመለጠ የለም።

በበጋ ወራት ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። የፕሮሰሰሩን ፋን ፈትታችሁ ብታነሡት፣ ከፋኑ በታች በቀጫጭኖቹ የብረት ቅጠሎች አፍ ላይ ተጋግሮ የተነጠፈ፣ በጥፍር ሲይዙት ባንድነት የሚነሣ የአቧራ ንጣፍ ታገኛላችሁ፤ ፋኑ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ነፋሱ ግን አያልፍም። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል የተቀባው ቅባትም ደርቆ ሲፋቅ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከምንጩ የሚወጣበት መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሲቃረብ በመጀመሪያ ሥራቸውን ያዘገማሉ፤ ይህ ካልበቃ ራሳቸውን ለማዳን ይጠፋሉ። ስለዚህ የሙቀት ጥፋት የራሱ ጠባይ አለው፤ ሰማያዊ ገጽ ሳያሳይ ድንገት ድርግም ይላል፤ ወዲያው ቢያስነሡት ከፊተኛው ባጠረ ጊዜ ደግሞ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ቢያሳርፉት ግን ደኅና ይሠራል። ማጽዳቱ በለስላሳ ብሩሽ ይሁን፤ በጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር የሚያስነፋ ሰው አለ፤ በኮምፕረሰሩ ሆድ የተጠራቀመው ውኃ ከነፋሱ ጋር ወጥቶ ማዘርቦርዱን ስለሚረጨው፣ አቧራ አስወጥቶ ዝገት ማስገባት ይሆናል።

ሦስተኛው ራም ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ፤ ምክንያቱም ከክፍሎቹ ሁሉ ጥፋቱን በሌላው ላይ አላክኮ ተሰውሮ የሚኖር እርሱ ነው። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር፣ አንድ ወይም ዜሮ የሚጻፍባቸው ከ68 ቢሊዮን በላይ ስፍራዎች አሉት፤ ከእነዚህ አንዱ የተጻፈበትን ሳይጠብቅ ቢቀር፣ በዚያ ስፍራ ዛሬ የተማሪ ውጤት፣ ነገ የሥዕል ቀለም፣ ከነገ ወዲያ የዊንዶውስ ትእዛዝ ስለሚያርፍበት፣ የሚታየው ስሕተት በየቀኑ መልኩን ይለውጣል። አንድ ቀን አንዱ ፕሮግራም ይዘጋል፤ ሌላ ቀን ሰማያዊው ገጽ ይመጣል፤ ሌላ ቀን ፋይሉ አልከፈትም ይላል። ስሕተቱ በየቀኑ ሌላ ሌላ መሆኑ ራሱ ራሙን የሚያስጠረጥር ምልክት ነው።

የራም መፈተኛ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከሁሉ የታወቀው ሜምቴስት 86 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1994 በክሪስ ብሬዲ የተጻፈ ሲሆን፣ ከፍላሽ ተነሥቶ ያለ ዊንዶውስ ይሠራል። አሠራሩም በገዳማቱ ብራና ሲጻፍ ከሚደረገው እርማት ጋር አንድ ነው፤ ቁም ጸሐፊው የጻፈውን ሌላው ሰው ከአብነቱ ጋር እያስተያየ ፊደል በፊደል እንደሚያነብና ግድፈቱን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ይህም ፕሮግራም በእያንዳንዱ ስፍራ የታወቀ ነገር ጽፎ ይመለስና ያነበዋል፤ የተጻፈውና የተነበበው ካልተስማማ የስፍራውን አድራሻ በቀይ መስመር ያወጣል። ንባቡ ከዳር እስከ ዳር ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲዞር ሌሊቱን ሙሉ መተው ይሻላል፤ አንዳንዱ ክፍል የሚሳሳተው ሲሞቅ ብቻ ነውና።

ያየሁትን አንድ ምሳሌ ልናገር። በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት የሚደመርበት ኮምፒውተር፣ ፎርማት እየተደረገ መቆሙን አልተወም ነበር። በሜምቴስት ሲፈተን ቀይ መስመሮቹ ወጡ፤ ነገር ግን መሣሪያው ሁለት ራም ስለ ነበረው፣ ጥፋቱ የየትኛው እንደ ሆነ፣ ወይም ራሞቹ የተሰኩበት ስፍራ የማዘርቦርዱ ጥፋት እንደ ሆነ ገና አልታወቀም። አንዱ ወጥቶ ሌላው ብቻውን ተፈተነ፤ ንጹሕ ሆነ። ያ ወጥቶ የፊተኛው በዚያው በተፈተነው ስፍራ ብቻውን ተሰካ፤ ቀዩ መስመር ተመለሰ። ጫፉ ላይ ያሉት ወርቃማ መነካኪያዎች በላጲስ ቀስ ተብለው ታሹ፤ ደግሞ ተፈተነ፤ ቀዩ መስመር አልቀረም። ወደ ሌላው ስፍራ ተዛውሮ ተሰካ፤ ስሕተቱ አብሮት ተዛወረ። እንግዲህ ስፍራው ንጹሕ፣ ጥፋተኛው ያ አንድ ጣት የሚያህል ሰሌዳ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የዚህ ሥራ ምስጢሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው፤ ራሙንም ፓወር ሰፕላዩንም ባንድ ቀን የለወጠ ሰው፣ መሣሪያው ቢድንለት እንኳ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ ሳያውቅ ይኖራል።

እዚህ ላይ ሊቃውንት የደረሱበትን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከሰማየ ሰማያት የሚመጣ የማይታይ ጨረር ከአየሩ ጋር ተጋጭቶ የሚያወርደው ብናኝ፣ ደኅናውንም ራም አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ሊያስት ይችላል፤ ይህም በከፍታ ስለሚበዛ፣ የአይቢኤም ኩባንያ ተመራማሪዎች ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነችው በአሜሪካ የሌድቪል ከተማ ራሞችን ወስደው እስከ መፈተን ደርሰዋል። በእኛም ከፍታ ይህ ነገር ከባሕር ዳርቻው ይበልጣል። ሆኖም ይህ ዓይነቱ ስሕተት በዘፈቀደ ቦታ አንድ ጊዜ ደርሶ የሚያልፍ እንጂ በዚያው አድራሻ የሚመላለስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲና የጉግል ሊቃውንት በብዙ ሺህ ሰርቨሮች ላይ ለሁለት ዓመት ተኩል ያደረጉትን ምርመራ ሲያወጡ፣ በዓመት ከመቶ ራም ከ8 በላይ የሚሆነው ስሕተት እንዳሳየ፣ ከስሕተቱም አብዛኛው የራሱ የዕቃው ጥፋት እንጂ የጨረር ሥራ እንዳልሆነ ገልጸዋል። ራም ይበላሻል ብሎ ማሰብ እንግዲህ አጉል ጥርጣሬ አይደለም።

ስለ ዲስኩ በአጭሩ ልናገር፤ እርሱን የሚመለከተው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነውና። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ስማርት የሚባለው የራሱ መዝገብ ተበላሽተው በሌላ የተተኩና ለመነበብ አስቸግረው የሚጠባበቁ ስፍራዎች ቍጥር እየጨመረ መሄዱን ካሳየ፣ ምርመራው ይቅርና ሰነዱ ይገልበጥ፤ የመጨረሻ ዕድሜውን በፈተና ማድከም አይገባም። ጥፋቱን ከመለየት መቅዳት የሚቀድምበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ ልለፍ፤ ይህም መሣሪያው የቆመበትን ሁኔታ የሚይዝ መዝገብ ነው። ዛሬ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የእርሻ ትምህርት ቤት በተመሠረተበት በ1939 ዓ.ም.፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ በአሜሪካ በሃርቫርድ ማርክ ሁለት የተባለው ታላቅ የስሌት መሣሪያ ተበላሽቶ፣ ሠራተኞቹ ክፍል በክፍል ሲፈልጉ በኤፍ ሰሌዳ ላይ ባለው ሪሌ በሚባለው በ70ኛው ማብሪያ ማጥፊያ መካከል ተጣብቃ የሞተች የእሳት ራት አገኙ። ነፍሳቲቱን አውጥተው አልጣሏትም፤ በዕለት መዝገባቸው ላይ ለጥፈው፣ ሰዓቱን፣ በእኛ አቈጣጠር 9 ሰዓት ከ45፣ ብለው፣ ስፍራውንም ጽፈው አኖሯት፤ ያም መዝገብ እስከ ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ይገኛል። ሰው ሁሉ የሚደነቀው በነፍሳቲቱ ነው፤ እኔ ግን የምደነቀው በመዝገቡ ነው። ስፍራውንና ሰዓቱን ዛሬ ልናውቅ የቻልነው፣ መሣሪያው በየሰዓቱ ምን እንዳደረገ የሚጽፍ ሰው ስለ ነበራቸው ነው።

እኛም ዘንድ ኮምፒውተሩ ራሱ በከፊል ይጽፋል፤ ዊንዶውስ በክስተት መዝገቡ ውስጥ የቆመበትን ሰዓትና የሰማያዊውን ገጽ ቍጥር ያኖራል፤ ፎርማት ግን ይህንንም ማስረጃ አብሮ ያጠፋዋል። ምጣዱ ተሰክቶ እንደ ነበረ፣ ክፍሉ ሞቆ እንደ ነበረ፣ አምፖሉ ብልጭ ብሎ እንደ ነበረ ግን ከሰው በቀር የሚጽፍ የለም።

ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ያላችሁትን ሁሉ እለምናለሁ። የጽሕፈት ቤት ኀላፊዎች በእያንዳንዱ ኮምፒውተር አጠገብ አንድ ደብተር አኑሩ፤ የቆመበት ቀን፣ ሰዓት፣ ይሠራ የነበረው ሥራና የታየው ጽሑፍ ይጻፍበት። የጥገና ቤት ባለቤቶች ደንበኛው ሲመጣ በመጀመሪያ ይህን ደብተር ጠይቁት፤ ሰነዱን ሳትቀዱ ዲስኩን አትጥረጉ፤ ለምርመራው ደክማችኋልና ለምርመራውም ዋጋ ጠይቁ፤ ደንበኛውም የወለቀውን ክፍል በእጁ ተቀብሎ ይህን ዋጋ ያለ ማጕረምረም ይክፈል። የቴክኒክ ኮሌጅ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ዊንዶውስ ከማስጫን በፊት ቴስተር መያዝንና ራም መፈተንን አስተምሯቸው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱም፣ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ብቻ ያለ፣ በሌላ ስፍራ ያልተቀዳ ሰነድ ካላችሁ፣ ነገ ሳትሉ ቅዱት።